በደመወዝ የተቀጠረው መሥራች

አንድ ጥያቄ ላንሳ። አራት ሰዎች አብረው አንድ ሥራ ሠሩ እንበል። ሥራው ከሰረ። ሦስቱ ኪሳራውን ከኪሳቸው ከፈሉ። አራተኛው ግን ባለድርሻ ሳይሆን ደመወዝተኛ ስለነበር ገንዘቡን ቆጥሮ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ከአራቱ ማን ተጠቀመ? ኢኮኖሚክስ ስማር ይሄ ጥያቄ ፈተና ላይ ቢመጣልኝ ኖሮ፣ ብዙም ሳላስብ ደመወዝተኛው ብዬ አልፈው ነበር። የሪቻርድ ራይትን ሕይወት ካነበብኩ በኋላ ግን መልሱ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም።

ራይት የእንግሊዙ ፒንክ ፍሎይድ ባንድ መሥራችና ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ የታወቀው ፕሮግረሲቭ ሮክ በሚባለው ስልት ነው። ረጃጅም ሥራዎችን የሚወድ፣ ሮክን ከጃዝ፣ ከክላሲካልና ከኤሌክትሮኒክ ድምፆች ጋር የሚያዋህድ ስልት ነው። የራይትን ታሪክ የምጀምረው ግን ከልደቱ ሳይሆን ከአንድ አልበም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አልበሙ ለገበያ የወጣው በ2000 ነው። ውስጡ ያለው ሙዚቃ ግን ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነበር። ባንዱ «ዘ ዎል» ወይም ግንቡ የተባለውን ሥራውን በ1980 እና በ1981 ለንደን ኧርልስ ኮርት አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ሲያቀርብ በቀጥታ የተቀዳ ነው። ሽፋኑ ላይ አራት ፊቶች ይታያሉ። የባንዱ አባላት ፊት ተቀርጾ የተሠሩ ጭምብሎች ናቸው። በኮንሰርቱ መክፈቻ ላይ ሌሎች ሙዚቀኞች እነዚህን ጭምብሎች አጥልቀው ይወጡና ተመልካቹን ለጥቂት ደቂቃ ያታልሉታል። ከአራቱ ፊቶች አንዱ የራይት ነው። አስገራሚው ነገር ይሄ ነው፦ ሙዚቃው ሲቀዳ ራይት የባንዱ አባል አልነበረም። ከባንዱ ተባርሮ፣ ለራሱ ባንድ በደመወዝ የሚጫወት ሰው ነበር። ተመልካቹ ይህን አያውቅም።

እንዴት እዚያ ደረሰ?

ሪቻርድ ዊሊያም ራይት የተወለደው ሐምሌ 28 ቀን 1943 በሰሜን ምዕራብ ለንደን ዳርቻ፣ ሃች ኤንድ በተባለ ሰፈር ነው። አባቱ በአንድ የወተት ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ባዮኬሚስት ነበሩ። ልጁ በ12 ዓመቱ እግሩ ተሰበረና ቤት ዋለ። ያን ጊዜ ነው ጊታር መነካካት የጀመረው። መለከትና ፒያኖም በራሱ ጊዜ ተማረ። ልቡ የነበረው ግን ጃዝ ላይ ነው፤ በተለይ ማይልስ ዴቪስ ላይ።

በ1962 ለንደን ሪጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ ገብቶ አርክቴክቸር ማጥናት ጀመረ። ትምህርቱን አልወደደውም። እዚያ ግን ሁለት የክፍል ጓደኞች አገኘ፤ ሮጀር ዎተርስና ኒክ ሜሰን። ሦስቱ በአንድ ባንድ ውስጥ አብረው መጫወት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ራይት የራሱ ኪቦርድ አልነበረውም። የሚጫወቱበት መጠጥ ቤት ፒያኖ ካለው ፒያኖ ይጫወታል፤ ከሌለው ጊታር ይዞ ጥግ ይቆማል። ሰውዬውን ለማወቅ ይሄ ይበቃል። ያለው ነገር ላይ የሚሠራ፣ ቦታ የማይጠይቅ ሰው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሲድ ባሬት የሚባል ወጣት ሰዓሊ ተቀላቀላቸውና ባንዱ ፒንክ ፍሎይድ ሆነ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1967 ሲወጣ አብዛኛውን ዘፈን የደረሰው ባሬት ነው። አብሮት የሚዘፍነው ደግሞ በአብዛኛው ራይት ነበር። ይሁን እንጂ ባሬት በዚያው ዓመት ጤናው ተናጋ። መድረክ ላይ ወጥቶ ሳይጫወት ይቆም ጀመር። ዴቪድ ጊልሞር የተባለ ጊታሪስት ጨመሩ። ከዚያም በ1968 መጀመሪያ አንድ ቀን፣ ወደ ኮንሰርት ሲሄዱ ባሬትን በመኪናቸው ሳያነሱት ቀሩ። በቃ፤ እንዲህ ነው የተሰናበተው። ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረውም። ራይት በዚያን ጊዜ ከባሬት ጋር አንድ ቤት ይኖር ነበር። ሲጋራ ልገዛ ነው ብሎት ይወጣል፤ ኮንሰርቱን ተጫውቶ ይመለሳል። ይህን በኋላ የተናገረው ራሱ ራይት ነው። እንግዲህ ይህ ባንድ ሰው የሚያሰናብትበትን መንገድ ራይት አስቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ነው። እጁም ነበረበት።

ከባሬት በኋላ ባንዱ ያለ መሪ ቀረ። አራቱም እኩል ሆኑ። ምርጥ ሥራቸውም የወጣው በዚያ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1971 በወጣው «ኤኮስ» በተባለው ከሃያ ሦስት ደቂቃ በላይ በሚፈጀው ሙዚቃ መጀመሪያ ላይ አንዲት ብቸኛ ድምፅ ትሰማለች፤ ጠብታ ውሃ ውስጥ ስትወድቅ የምታሰማውን የምትመስል። ያቺ የራይት ፒያኖ ናት፤ በሚሽከረከር የድምፅ ማጉያ ውስጥ አልፋ። አንዲት ኖታ ናት። ሙዚቃው በሙሉ የተገነባው ግን እሷ ላይ ነው።

በ1973 «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ወጣ። ይህ አልበም በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 1988 ድረስ በድምሩ 741 ሳምንት ቆይቷል። የራይት እጅ በየቦታው አለበት። «አስ ኤንድ ዜም» የሚባለው ዘፈን ራይት ለጣሊያናዊው የፊልም ዳይሬክተር አንቶኒዮኒ የሠራውና ዳይሬክተሩ ያልተቀበለው የፒያኖ ዜማ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ አውጥተው ተጠቀሙበት። ከማይልስ ዴቪስ አልበም የተማረውንም አንድ ኮርድ እዚያ አልበም ውስጥ አስገብቶታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በዚሁ አልበም ውስጥ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» የሚባል አለ። ራይት ፒያኖውን ደረሰ። ከላይ የሰው ድምፅ ያስፈልጋል ተባለና ክሌር ቶሪ የምትባል ወጣት ዘፋኝ ስቱዲዮ ተጠራች። ግጥም የለውም፤ ዜማም አልሰጧትም። ፒያኖውን እየሰማች በድምፅዋ ብቻ አለቀሰች፣ ጮኸች፣ ዝቅ አለች። ጥቂት ጊዜ ቀድተዋት ሄደች። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነው። የዜማው ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ራይት ብቻ ነበር።

በሙዚቃ ሥራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክፍያ አለ። አንዱ የቀን ሥራ ነው፤ መጥተህ ትሠራለህ፣ ተከፍሎህ ትሄዳለህ። ሌላው የድርሰት መብት ነው፤ ሙዚቃው በተሸጠና በተሰማ ቁጥር እየመጣ ይቀጥላል። 741 ሳምንት ሙሉ በተሸጠ አልበም ላይ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስቡት። ቶሪ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይታ በ2004 ባንዱንና አሳታሚውን ከሰሰች። ነገሩ በ2005 በስምምነት አለቀ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ከራይት ስም ጎን የድርሰቱ ባለቤት ሆኖ ይጻፋል። እኔ ራሴ ያን ሙዚቃ በሰማሁ ቁጥር የማስታውሰው ድምፅዋን ነው። ስለዚህ ራይትን ተበዳይ ብቻ አድርጎ መሳል ልክ አይሆንም። በ1973 እሱ በባለድርሻዎቹ በኩል ነበር፤ ደመወዝተኛዋ ሌላ ሰው ነበረች።

ከስኬቱ በኋላ ነገር መበላሸት ጀመረ። በ1975 ስለ ባሬት ያዘኑበትን «ዊሽ ዩ ወር ሂር» የተባለውን አልበም ሠሩ። እሱ ላይ የራይት ኪቦርድ ገና ሰፊ ቦታ አለው። በ1977 «አኒማልስ» ሲወጣ ግን ራይት አንድም የድርሰት ድርሻ አልነበረውም። ሐሳቡንም ግጥሙንም በአብዛኛው የሚያመጣው ዎተርስ ሆነ። ለዎተርስም ፍትሐዊ እንሁን፤ ጉልበተኛ ስለነበር ብቻ አይደለም። ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ሲመጡ እሱ ሥራ ይዞ ይመጣ ነበር። ራይት በዚያን ጊዜ ትዳሩ እየፈረሰ ነበር። ስቱዲዮ ይመጣል፤ ግን ዝም ይላል። በ1978 ብቻውን «ዌት ድሪም» የተባለ አልበም አወጣ፤ ብዙ ሰው አልሰማውም።

በዚሁ ላይ ሌላ ዱብ ዕዳ መጣ። ገንዘባቸውን እንዲያስተዳድርላቸው የሰጡት የኢንቨስትመንት ድርጅት ሚሊዮኖች ፓውንድ አጠፋባቸው። በእንግሊዝ የከፍተኛ ገቢ ግብር ያን ጊዜ 83 በመቶ ነበር። ዓለም ያወቃቸው ሙዚቀኞች ዕዳ ውስጥ ገቡ። በ1979 ከግብር ለመሸሽ ሲሉ አገራቸውን ለአንድ ዓመት ለቀው ፈረንሳይ ገቡ። «ዘ ዎል» የተሠራው በዚህ ጭንቀት መሀል ነው።

አሳታሚው አልበሙ ለገና ገበያ ከደረሰ ከሽያጩ የሚያገኙትን መቶኛ እጨምራለሁ አለ። ገንዘብ ለተቸገረ ሰው ይሄ እምቢ የሚባል አይደለም። ዎተርስ ሥራው እንዲፋጠን ፈለገ። ራይት ያን ጊዜ ከልጆቹ ጋር የግሪክ ደሴት ሮድስ ላይ ዕረፍት ላይ ነበር። ዕረፍትህን አቋርጠህ ና ተባለ። አልመጣም አለ። ዎተርስ መልሱን በሥራ አስኪያጃቸው በስቲቭ ኦሩርክ በኩል ላከ፦ ራይት ባንዱን ይልቀቅ፤ አለዚያ አልበሙ አይወጣም። ምርጫው ይኸው ነበር። ሁሉም ዕዳ አለባቸው። አልበሙ ካልወጣ አራቱም ይወድቃሉ። ራይት ለመልቀቅ ተስማማ። አልበሙ ኅዳር 30 ቀን 1979 ወጣና በብዙ ሚሊዮን ተሸጠ። መልቀቁ ለሕዝብ አልተነገረም። ባሬትም የሄደው በዝምታ አልነበር?

ከዚያ ኮንሰርቱ መጣ። በሙዚቃው መሀል ሠራተኞች በሙዚቀኞቹና በተመልካቹ መካከል ከካርቶን በተሠሩ ጡቦች ግንብ ይገነባሉ። ግንቡ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ይደርሳል። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ባንዱ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል። መጨረሻ ላይ ግንቡ ይፈርሳል። በአየር የሚነፉ ግዙፍ አሻንጉሊቶች፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች፣ ተጨማሪ ሙዚቀኞች፣ ሁሉም አለ። ይህን ሁሉ ከከተማ ከተማ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ስለዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ የቀረበው በሎስ አንጀለስ፣ በኒውዮርክ አቅራቢያ፣ በለንደንና በጀርመኗ ዶርትሙንድ ብቻ ነው፤ በድምሩ 31 ጊዜ። ወጪው ቋሚና ግዙፍ፣ የሚከፋፈልበት የኮንሰርት ቁጥር ደግሞ ትንሽ። ትኬት ሁሉ ቢሸጥም መክሰሩ አይቀርም፤ ከሰረም። ዎተርስ፣ ጊልሞርና ሜሰን ኪሳራውን ተካፈሉ። ራይት ግን ደመወዝተኛ ስለነበር ከዚያ ኮንሰርት ትርፍ ይዞ የወጣ ብቸኛው ሰው ሆነ።

ፒንክ ፍሎይድን የሚያውቁ ሰዎች ይህን እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። አልበሙን ስሰማው ግን ሳቄ ይጠፋል። ራይት ሥራውን አላጎደለም። ከስቱዲዮው ቅጂ ይልቅ እዚህ ኦርጋኑ ሰፋ ብሎ፣ ሞቅ ብሎ ይሰማል። የተባረረ ሰው የሚጫወት አይመስልም። መጨረሻ ላይ፣ ግንቡ ከፈረሰ በኋላ፣ ሙዚቀኞቹ ፍርስራሹ ፊት ወጥተው ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ አንድ አጭር ዘፈን ይጫወታሉ። ራይት አኮርዲዮን ይይዛል። ያ ኮንሰርት ለመጨረሻ ጊዜ የቀረበው ሰኔ 17 ቀን 1981 ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ አራቱ ሰዎች ለ24 ዓመት አንድ መድረክ ላይ አልቆሙም። አልበሙ የአንድ ዘመን መዝጊያ ነው የምለው ለዚህ ነው። አድማጩ ዘመን እያለቀ መሆኑን አያውቅም፤ መድረኩ ላይ ያሉት ያውቃሉ።

በ1983 የወጣው ቀጣዩ አልበም የራይት እጅ የለበትም። የዎተርስ የብቻ ሥራ ይመስላል፤ ደረቅ ነው። ራይት በበኩሉ ከሌላ ሙዚቀኛ ጋር ሆኖ በ1984 አንድ አልበም ሠራ፤ አልተሳካም። በ1985 ዎተርስ ራሱ ባንዱን ለቀቀ። ጊልሞርና ሜሰን በስሙ እንቀጥላለን ሲሉ ክርክሩ በሕግ ሆነ። በ1987 አዲስ አልበም ሲሠሩ ራይት ተመልሶ መጣ፤ አሁንም በደመወዝ።

ሒሳቡ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ለአዲሱ የኮንሰርት ጉዞ መነሻ ገንዘብ ያወጡት ጊልሞርና ሜሰን ናቸው። ሜሰን ውድ የሆነች ፌራሪ መኪናውን እስከ ማስያዝ ደርሷል። ጉዞው ዓለምን ዞሮ ከፍተኛ ገቢ አስገባ። በዚህ ጊዜ ትርፉ የባለድርሻዎቹ ሆነ። ራይት የወሰደው ደመወዙን ነው። ማንም ግፍ ተሠራበት ሊል አይችልም፤ ገንዘቡን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ትርፉን ይወስዳል፤ ሕጉ ያው ነው። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ትኬት የገዛው ፒንክ ፍሎይድ የሚለውን ስም ብሎ ነው። ያን ስም ከባዶ ተነስተው ካቆሙት አንዱ ደግሞ ጥግ ላይ ኪቦርዱ ጀርባ የቆመው ተቀጣሪ ነበር።

ደመወዝ ከኪሳራ ይጠብቃል። ድርሻ ደግሞ ቃል ይሰጣል፤ ምን ይሠራ፣ ማን ይቅር፣ መቼ ይለቅ የሚል ቃል። ራይት በ1979 ያጣው በዋናነት ገንዘብ አልነበረም፤ ያንን ቃል ነበር። ፈተናው ላይ ያለው ጥያቄ የማይጠይቀው ይሄንን ነው። የአንድ ኮንሰርት ሒሳብ ብቻ ካያችሁ ራይት አሸናፊ ነው። ሃያ ዓመቱን ካያችሁ ተሸናፊ ነው። ሙዚቃውን ካያችሁ ደግሞ የከሰሩት አራቱም ናቸው።

ከዚያ በኋላ ራይት ቀስ በቀስ ተመለሰ። በ1994 በወጣው «ዘ ዲቪዥን ቤል» ውስጥ ስሙ ከደራሲዎቹ ጋር ሰፈረ፤ አንድ ዘፈንም ዘፈነ። በ1996 «ብሮክን ቻይና» የተባለ የራሱን አልበም አወጣ። የሚወዳት ሴት ያለፈችበትን የድባቴ ሕመም የሚናገር ሥራ ነው። እኔ ከብቸኛ ሥራዎቹ የምመርጠው እሱን ነው። ዝምተኛው ሰው በመጨረሻ የሚለውን አገኘ።

ሐምሌ 2 ቀን 2005 አራቱ ሰዎች ለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው የላይቭ ኤይት ኮንሰርት ላይ ታዩ። አራት ዘፈን ተጫውተው፣ ተቃቅፈው ሰላምታ ሰጡ። በቀጣዩ ዓመት ራይት ከጊልሞር ጋር ለኮንሰርት ዞረ። ነሐሴ 26 ቀን 2006 ፖላንድ ግዳንስክ ውስጥ፣ የመርከብ ግንባታው ቅጥር ግቢ ላይ «ኤኮስ»ን ተጫወቱ። ሁለቱ ድምፆች፣ የጊልሞርና የራይት፣ እንደ ድሮው አንድ ሆነው ይሰማሉ። ያም ኮንሰርት ተቀድቷል።

ራይት መስከረም 15 ቀን 2008 በካንሰር ሞተ። 65 ዓመቱ ነበር። የግዳንስኩ አልበም ከሞቱ በኋላ በሳምንቱ ወጣ። ጊልሞር ከዚያ ወዲህ «ኤኮስ»ን ያለ ራይት አልጫወትም ብሏል። በሒሳብ መዝገብ ላይ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች በሌላ ይተካል። ያቺን አንዲት ኖታ ማንም ሊጫወታት ይችላል። ጊልሞር ግን ያለ እሱ አልፈልጋትም አለ። ምን ያደርጋል፣ ይህ የተነገረው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ሩቅ አገር ሰው ብቻ አስቤ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር አጫጭር ትረካዎች እየቀዳን ዩቲዩብ ላይ እንጭን ነበር። ከሁሉም የተሰማልን ትረካ የአንዲት የክፍላችን ልጅ ድምፅ ያለበት ነው። ለታክሲና ለምሳ የሚሆን ሰጠናት፤ አመሰገነችን፤ ሄደች። ስሟን የትም አልጻፍንም። ያን ጊዜ አንዳችንም ነውር ነው ብለን አላሰብንም። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ አሁንም ትንሽ ነው። ግን ሰዎች ያንን ትረካ ሲያነሱልኝ የሚያወሩልኝ ስለ ድምፁ ነው፤ እኔም ዝም ብዬ ምስጋናውን ስቀበል ቆይቻለሁ።

የራይትን ታሪክ አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱ ስለደረሰበት በደል ነበር። ማታ ላይ ግን ትዝ ያለችኝ ክሌር ቶሪ ናት። ቀጥላ የክፍላችን ልጅ። ባለፈው ሳምንት ከጓደኞቼ ጋር ተነጋግረን ስሟን ከትረካው ርዕስ ሥር ጻፍነው። ዘግይተናል፤ ቢሆንም ሠላሳ ዓመት አልፈጀብንም። ደውዬ ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና፣ ያኔውኑ ልትጠይቀን አስባ አፍራ እንደተወችው ነገረችኝ።